ሦስት ቀን የዘገየ የምሥራች

ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ፤ ለጓደኛዬ የነገርኳት ሐሙስ ማታ ነው። ይህን የምጽፈው በመካከሉ ያሉት ሦስት ቀናት ምን እንደነበሩ ለራሴ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው። ሁሩሙ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከበደሌ ወደ መቱ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ግራና ቀኙ ቤት ነው፣ ከቤቱ ኋላ ቡና ነው፣ ከቡናው ኋላ ደን ነው። የእሷና የእኔ ደጅ ከመቀራረባቸው የተነሣ አንዷ ቤት ቡና ሲቆላ ሽታው የሌላዋን ቤት ያንኳኳል። መንገር የነበረብኝም ረጅም ነገር አልነበረም፤ ሁለት ቃል ነው፦ «ሥራ ጀመርኩ»። ከመቱ ዩኒቨርሲቲ ከወጣን ጀምሮ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አብረን ማስታወቂያ አንብበናል፣ አብረን ማመልከቻ አስገብተናል፣ አብረን «እንጠራችኋለን» ተብለን ተመልሰናል። እነዚህን ሁለት ቃላት ከአፌ ልትሰማ የሚገባት አንዲት ሰው ብትኖር እሷ ናት። ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ አንደበቴን ምን ያዘው?

ለመጀመሪያው ቀን ምክንያት አላጣም፤ ደክሞኝ ነበር ልል እችላለሁ። ለሁለተኛውም ቀን አለኝ፤ እንዳላሳዝናት ብዬ ነው። ይህኛው ግን ሲመረመር ይፈርሳል። ዛሬ የሚያሳዝን ነገር ነገም ያሳዝናል፤ ማዘግየት ኀዘኑን አይቀንሰውም፣ የዘገየ መሆኑን ይጨምርበታል እንጂ። በቅናት እንዳትጎዳ ሰግቼ ነው ብል ደግሞ እሷን መበደል ይሆንብኛል፤ ቅናት ቢኖር እንኳ የእሷ ጉዳይ ነው፣ እኔ ቀድሜ የምፈርድበት አይደለም። እያንዳንዱ ምክንያት እሷን ደካማ፣ እኔን አሳቢ አድርጎ ስላቀረበልኝ ሁሉንም ተጠራጠርኳቸው። ሰው ራሱን መልካም የሚያደርግበት ምክንያት ሲደረደርለት እውነቱ ሌላ ቦታ መሆኑን ማሰብ አለበት። ስለዚህ ጥያቄውን ከእሷ ላይ አንሥቼ ወደ ቃሉ ወሰድኩት። ምናልባት የከበደኝ ሰሚዋ ሳትሆን የሚነገረው ነገር ይሆናል። ለመሆኑ «ሥራ ጀመርኩ» ብሎ ለጓደኛ የሚናገር ሰው የሚናገረው ምንድን ነው?

አማርኛ ለዚህ አንድ ነገር ብዙ ግስ አለው። ሥራ አገኘሁ ይባላል፤ ሥራ ገባሁ ይባላል፤ ሥራ ያዝኩ ይባላል፤ ተቀጠርኩ ይባላል። ያገኘ ሰው ሲፈልግ ነበር፤ የገባ ደጅ ቆሞ ነበር፤ የያዘ እንዳያመልጠው ይሰጋል። እኔ ከሁሉም «ጀመርኩ»ን የመረጥኩት ለሌሎቹ ድፍረት ስላጣሁ ይመስለኛል። በፈረምኩት ውል ላይ የሙከራ ጊዜ የሚል አንቀጽ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው እንደማይመጥን ከታየ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፣ ሠራተኛውም ያለማስጠንቀቂያ ትቶ መሄድ ይችላል። በወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ሆኖም አንቀጹ የምሥራቹን እንግዳ ያደርገዋል፤ ሥራው እሱን እስኪይዘው ድረስ ሥራ የያዘ ሰው ምን ይዟል ይባላል? እስኪጸና ልጠብቅና ከዚያ በኋላ ልንገራት የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ያኔ ግን የምነግራት መጀመሬን አይሆንም፤ ጥርጣሬዬን ብቻዬን ጨርሼ፣ እንክርዳዱን ለይቼ፣ የተበጠረውን ደስታ ብቻ በሰፌድ አድርጌ ማቅረቤ ነው። ይህ ለእንግዳ የሚደረግ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ፍርሃትን ከነእንክርዳዱ ተካፍላ ለኖረች ሴት የተበጠረውን ብቻ ማቅረብ ከማክበር ይልቅ ማራቅ ነው የሚሆነው።

ከግሶቹ ሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው፣ «ተቀጠርኩ» የሚለው ነው። ቀጠረ ማለት ለአንድ ቀንና ሰዓት ቃል መያዝ ነው፤ ቀጠሮ የምንለው ከዚያ ነው። ቀጠረ ማለት ሰውን በደመወዝ ማሠራት ነው፤ የሥራ ቅጥር የምንለው ከዚያ ነው። ቀጠረ ማለት ዙሪያውን ማጠርም ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ እንላለን። ሦስቱን ትርጉሞች ለየብቻ ሳውቃቸው ኖሬያለሁ፤ አንድ ላይ የተገናኙልኝ ሰኞ ጠዋት የብረቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ ነው። የምሠራበት የቡና መጋዘን በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት እገባለሁ፤ ገበሬው በኬሻ ያመጣው ጀንፈል ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎውን እመዘግባለሁ፤ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ ምሳ ሰዓቴ ተቀንሶ ስምንት ሰዓት ሲሞላልኝ እወጣለሁ። ሕጉ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያሳልፈውም። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ በስሌት ከታየ አብዛኛው ጊዜ ዛሬም የእኔ ነው። ነገር ግን ጊዜ እንደ ጀንፈል በሚዛን ብቻ አይለካም። የሰጠኋቸው 48 ሰዓታት እኔና እሷ የኖርንባቸው ሰዓታት ናቸው፤ የረፋዱ፣ የቀትሩ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አንዱ ጣሪያ ሥር የቆምንባቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን እኔና እሷ ተቀጣጥረን አናውቅም። ስትወጣ አገኛታለሁ፣ ስወጣ ታገኘኛለች። ቀጠሮ የሚያስፈልገው ጊዜው ለሌላ ለተሰጠ ሰው ነው፤ የእኛ ለማንም አልተሰጠም ነበር። እንግዲህ «ተቀጠርኩ» ብሎ ለጓደኛ መናገር ከዚህ በኋላ መቀጣጠር ሊኖርብን ነው ብሎ መናገርም ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ የሦስቱ ቀናት ጠባይ ትንሽ ተገለጠልኝ። በአገራችን ወሬ የሚነገርበት ሁለት ሥርዓት አለ። የምሥራች እየተሮጠ ይነገራል፤ ተናጋሪው ከደጅ ጀምሮ «የምሥራች!» ይላል፣ ቤት ያለው ሰው ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይሰማ «ምስር ብላ» ብሎ ይመርቀዋል፤ ምርቃቱ ከወሬው ይቀድማል። መርዶ ግን አይሮጥም። ቀን ይመረጥለታል፣ ሰዓት ይመረጥለታል፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ሰሚው ብቻውን እንዳይሆን ይታሰብለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ፣ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ይነገራል። እኔም በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ማክሰኞ እናቷ ቤት አለመኖሯን አይቼ ተመለስኩ፤ ብቻዋን እንዳትሰማ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ፊቷ ጠቁሮ ስለነበር ተውኩት። አእምሮዬ የምሥራች ይዣለሁ እያለ እግሬ የመርዶ ነጋሪ እግር ነበር። ከእግሬና ከአእምሮዬ የትኛው ያውቅ ነበር? ወሬን የምሥራች ወይም መርዶ የሚያደርገው ራሱ የሆነው ነገር ከሆነ፣ ሥራ ማግኘት የምሥራች መሆኑ አያከራክርም። የሚያደርገው ሰሚው ከሆነ ግን፣ ያልተነገረ ወሬ ገና አንዱም አይደለም፤ ተናጋሪውም ምን እንደያዘ ሳያውቅ ተሸክሞት ይዞራል። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። አንድ ሞት እንኳ ለአንዱ መርዶ፣ ለሌላው ተራ ወሬ ነው። ግን ይህም አላረካኝም፤ ምክንያቱም እሷ ደስ እንደሚላት አልተጠራጠርኩም። የምፈራው ደስታዋን ነበር፤ ከልቧ ደስ ብሏት እያለ፣ በዚያው ደስታ ውስጥ የሆነ ነገር ስትሰናበት ማየትን።

ምን ትሰናበታለች? ሥራ የሌለው ሰው በአማርኛ ሁለት ስም አለው፤ ሥራ አጥ እና ሥራ ፈት። ሥራ አጥ ፈልጎ ያጣ ነው፤ በአፋን ኦሮሞም ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ያጣ ተብሎ ነው የሚጠራው። ሥራ ፈት ግን ሌላ ነገር ይላል፤ በእጁ ታስሮ የነበረን ነገር ራሱ እንደፈታ፣ ሚስቱን እንደሚፈታ ሰው። መንገድ ዳር ስንቀመጥ ሥራ ፈቶች ይሉን ነበር፤ እኛ ደግሞ መቼ ይዘን መቼ ፈታን እያልን እንናደድ ነበር። አሁን ቃሉን ሳገላብጠው ያልታየኝ ፊት አገኘሁበት። አርስቶትል ከ2300 ዓመታት በፊት ስለ ወዳጅነት ሲጽፍ፣ ርቀት ወዳጅነትን ራሱን እንደማያፈርስ፣ የሚያቋርጠው የወዳጅነትን ሥራ እንደሆነ፣ መለያየቱ ሲረዝም ግን ወዳጅነቱ ራሱ የሚረሳ እንደሚመስል ያስረዳል። ወዳጅነት ስሜት ብቻ አይደለም፣ የራሱ ሥራ አለው ማለት ነው፤ ሥራውም አብሮ መዋል ነው። ይህ እውነት ከሆነ እኔና እሷ ለሁለት ዓመት ተኩል ሥራ ፈት አልነበርንም። ከማንም የበለጠ በሙሉ ጊዜ የተያዝንበት ሥራ ነበረን፣ ደመወዝ አልነበረውም እንጂ። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ሥራ የፈታሁት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሥራ በያዝኩበት በዚያው ቅጽበት ሥራ ፈታሁ፤ የፈታሁትም ብቻዬን የያዝኩትን አይደለም። ሁለት ሰው የያዘው ሥራ አንዱ ሲለቀው ሌላውም ሳይጠየቅ ሥራ ፈት ይሆናል። ይህን ነው ልነግራት የነበረው፤ ለዚህ ነው «ያለማስጠንቀቂያ» የሚለው የአዋጁ ቃል ከውሉ ወረቀት ላይ ተነሥቶ እሷ ደጅ ድረስ የተከተለኝ።

እዚህ ላይ ራሴን ማስቆም አለብኝ። ሥራ አጥነትን ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ማሳመር ቀላል ነው፤ ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው ያለ ደመወዝ የዋለበትን ቀን ሲናፍቅ ናፍቆቱ ውስጥ ሐሰት አለ። ለታክሲ የሚሆን ብር አጥተን ፈተና የቀረንበትን ቀን አስታውሳለሁ። የእኛ ጊዜ ያልተሰጠው እኛ ስላልሰጠነው ብቻ አይደለም፤ የሚቀበለው ስለጠፋ ነው። እዚህ ሁሩሙ ያለ ሰው ይህን ልዩነት ከመሬቱ ሊማር ይችላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የያዩ የቡና ደን ጥብቅ ክልል ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን የእኛንም ወረዳ ይነካል። ውስጠኛው ክፍል አይነካም፤ ቡናው እንኳ በቅሎ፣ ቀልቶ፣ ረግፎ ይቀራል። በዙሪያው ባለው ክፍል ሰው በዛፎቹ ጥላ ሥር ቡናውን ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል። ከዚያ ውጭ እርሻና መንደር ነው። ውስጠኛው ክፍል አጥር የለውም፣ ግን ቅጥር ነው፤ እዚህ ምንም አይደረግም የሚል ቅጥር። ይህ ጥብቅ መሬት ነው። ማንም የማያርሰው ሌላም መሬት አለ፤ ባለቤቱ የከዳው፣ ጉልበት ያጣ፣ ጠፍ መሬት። ከሩቅ ለሚያይ ጥብቁም ጠፉም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ሞፈር የለም። አንዱን ግን የሚያስከብረው ሰው አለ፣ ሌላውን የሚፈልገው የለም። የእኛ ሁለት ዓመት ተኩል የትኛው ነበር? በመሃሉ ሆነን ጥብቅ ነው እንል ነበር፤ ጠፍ ነው ብሎ መኖር አይቻልማ። አሁን እኔ ከ48ቱ ሰዓት የተረፈኝን ልጠብቀው እችላለሁ፤ ለእሷ ብዬ እሑዴን አጥሬ ባስቀምጥ እውነተኛ ጥብቅ ይሆናል፣ የሚመኘው ሌላ አለና። የእሷ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ግን ጠፍ ሆኖ ይቀራል፤ ከበፊቱ የባሰ ጠፍ፤ ያኔ ቢያንስ እዚያ የምትመላለስ አንዲት ሰው ነበረች። ካሰብኩት ሁሉ ያመመኝ ይህ ነው፤ መፍትሔም አላገኘሁለትም።

አያቶቻችን ይህ መለያየት የሌለበት የሥራ ዓይነት ነበራቸው፤ ዛሬም ከአውራ ጎዳናው ወጣ ሲሉ አለ። ዳዶ ነው። ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን፤ ማንም ማንንም አይቀጥርም፣ ሥራውና ጓደኝነቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ አብረው ይገባሉ። በዳዶ «ሥራ ጀመርኩ» ብሎ ለጓደኛ የሚነግር የለም፤ ጓደኛው አጠገቡ እያረመ ነው። የዘመኑ ሥራ ግን አንድ ወንበርና አንድ ስም ይዞ ይመጣል። ባልንጀራ የሚለውን ቃል የሚፈቱ ሰዎች «ባለ እንጀራ» ይሉታል፤ ከአንድ እንጀራ የሚቆርስ። ሥራንም እንጀራ እንለዋለን። ለባልንጀራ እንጀራ አገኘሁ ማለት እንግዲህ ነዪ ቁረሺ ማለት መሆን ነበረበት። ደመወዝ ይቆረሳል፤ የመጀመሪያውን እንደምንካፈል እኔም እሷም እናውቃለን። ሥራው ግን አይቆረስም። ግማሽ ወንበር ልስጣት ብል የሚፈቅድ ሕግ የለም። የእንጀራውን ወጥ ማካፈል እየቻልኩ እንጀራውን ብቻዬን እበላለሁ።

ሐሙስ ማታ ሄድኩ። እናቷ መግቢያው ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ እሷ ቡና እየቆላች ነው። ያዘጋጀሁት መግቢያ ብዙ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። «ሥራ ጀመርኩ» አልኳት። ማመሷን ሳታቆም «መጋዘኑ ጋ» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሰኞ ስትገቢ አየሁሽ። እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር።»

ታውቅ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የተሸከምኩት ወሬ ለእሷ ወሬ አልነበረም። ይህ ደግሞ አስቤ የገነባሁትን ሁሉ ከሥሩ ነቀለው። መንገር ያላወቀ ሰው እንዲያውቅ ማድረግ ነው ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ የምታውቅን ሰው ስነግራት ታዲያ ምን አደረግኩ? ምንም አላደረግሽም እንዳይባል፣ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አይቻለሁ። ማወቅና መነገር ሁለት ነገር ናቸው። ማወቅ ዓይን ላለው ሁሉ ነው፤ ሰኞ ጠዋት በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ አይቶኛል። መነገር ግን ለሰው የሚሰጥ ቦታ ነው። እንግዳ ያየኛል፤ ጓደኛዬ ይነገረኛል ብላ ትጠብቃለች። ሦስቱን ቀናት እሷን ከኀዘን እየጠበቅኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያየችኝ፣ አሁንም የሚነገራት ሰው መሆን አለመሆኗን እየጠበቀች ነበር። መርዶ ቢሆን ኖሮ መርዶው መቀጠሬ አይደለም፤ ዝምታዬ ነበር። ሰኞ ማታ ሮጬ ሄጄ ብነግራት ኖሮ በሥራው ምክንያት የምታጣው የቀን ሰዓቴን ብቻ ነበር። ባልነገርኳት ሦስት ቀናት ግን ሌላም ነገር ልታጣ ተቃርባ ነበር፤ እሱንም የነጠቃት አሠሪዬ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ለዚህ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ይቅርታ ለምኑ» አለችኝ፤ እንደገባት ግን አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ በኦሮምኛ ነገረቻት፤ እንደ አዲስ፣ አሁን እንደሰማች ሁሉ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። እናቷ ጎመኑን አስቀምጣ ተነሥታ ሳመችኝ፤ «በጋ ገመዴ፣ በጋ ገመዴ» እያለች፤ እንኳን ደስ አለሽ ማለቷ ነው። እኔ የሦስት ቀን የመርዶ አካሄድ የሄድኩበትን ወሬ ጓደኛዬ በአንድ ትንፋሽ የምሥራች አደረገችው። እንዴት ይህን ማድረግ እንደቻለች አሁንም እያሰብኩበት ነው። ቀላል እንዳልነበረ ግን እጇ ነግሮኛል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ምጣዱን ረስታው ቡናው ከሚገባው በላይ ጠቁሮ ነበር።

ቡናው ተወቅጦ፣ ተፈልቶ፣ አቦሉ ተቀዳ። ጥቂት ዝም ብለን ጠጣን። ሲኒዬን ስመልስላት ከዚህ በፊት ጠይቃኝ የማታውቀውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

ውጭ አየት አደረገች፤ ከመንገዱ ማዶ ዛፎቹ ላይ የቀረውን ብርሃን የምትለካ ትመስል ነበር።

«ገና አይመሽም» አለችና ጀበናውን አነሣች።